የሞተር ኮምፒውተር በገዛ እጃችሁ ልታስተካክሉ ላሰባችሁ ልጆች

ጋራዥ የሚመጡት ወጣቶች ጥያቄያቸው ተለውጧል። ድሮ ካርቡሬተር እንዴት እንደሚታጠብ ነበር የሚጠይቁኝ። አሁን ላፕቶፕ ይዘው ይመጣሉ። አሮጌ ኮሮላ ላይ ሜጋስኩዊርት ወይም ስፒዱዊኖ የሚባል የሞተር ኮምፒውተር ገጥመው ራሳቸው ቲዩን ማድረግ፣ ማለትም ቤንዚኑንና የእሳቱን ሰዓት ለሞተሩ ማስማማት ይፈልጋሉ። እኔ በዚህ በጣም ደስ ይለኛል። ሜጋስኩዊርትን ብሩስ ቦውሊንግና አል ግሪፖ በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ ማንም ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ እየበየደ እንዲሠራው ብለው ነው። ስፒዱዊኖ ደግሞ ተማሪ ሁሉ በሚያውቀው አርዱዊኖ ሜጋ በሚባል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ይሠራል። የተደበቀ ሙያ አይደለም፤ ትችሉታላችሁ።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የምታነቡት መመሪያ በአብዛኛው ባሕር ጠለል አካባቢ በሚኖር ሰው የተጻፈ ነው። እናንተ ያላችሁት አዲስ አበባ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ።

ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና ማፕ ሴንሰሩ፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካው፣ የሚያሳየውን ቁጥር አንብቡ። እዚህ 76 ወይም 77 ኪሎፓስካል አካባቢ መሆን አለበት። መመሪያው ግን 100 ገደማ ይላል። አንድ ጎበዝ ልጅ ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብሎ ሶማሌ ተራ ሌላ ሊገዛ ሲነሳ ደረስኩበት። ሴንሰሩ ምንም አልሆነም። አየራችን ስስ ስለሆነ ነው። በሶፍትዌሩ በግድ 100 እንዲል ብታደርጉት፣ ኮምፒውተሩ የሌለ አየር አለ ብሎ ቤንዚን ያፈሳል።

ጠዋት፣ መኪናው አድሮ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የውሃውንና የአየሩን ሙቀት አወዳድሩ። ሁለቱ ሴንሰሮች ተቀራራቢ ቁጥር ካላሳዩ አንዱ ይዋሻል። ሳታስተካክሉት አትለፉ።

ቀጥሎ ታይሚንግ ላይት ያዙ፤ ታይሚንግ ካንዴላው የሚተኩስበት ሰዓት ነው፣ ይህ መብራት ደግሞ ካንዴላው በተኮሰ ቁጥር ብልጭ እያለ ያሳያችኋል። ይህን ብዙ ልጅ ይዘለዋል፤ እኔን የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ስክሪኑ ላይ 10 ዲግሪ ይላል ማለት ካንዴላው በ10 ዲግሪ ይተኩሳል ማለት አይደለም። ሶፍትዌሩ ላይ ታይሚንጉን 10 ላይ ቆልፉት። የኮሎው (የክራንክሻፍቱ) ፑሌጃ ላይ ያለውን ምልክት በነጭ ቀለም ቀቡትና መብራቱን አነጣጥሩ። ምልክቱ 10 ላይ መቆም አለበት። አሁን ዙሩን ከሚኒሞ ወደ 3,000 አውጡት። ምልክቱ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከሸሸ የኮሎ ሴንሰሩ ሽቦ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሴቲንግ ልክ አይደለም። ይህ ሳይጠራ የምታደርጉት ቲዩኒንግ ሁሉ በግምት ነው።

ኢንጀክተሩንም ፈትኑት። የባትሪ ኃይል ሲቀንስ ኢንጀክተር ለመከፈት ይዘገያል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የፊት መብራቱንና ቬንትሌተሩን አብሩና የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ ተመልከቱ። ወዲያው ቤንዚን ካነሰው የመዘግየቱ ማካካሻ ገና አልተስተካከለም።

ድብልቁን ለማየት የጭስ መውጫው ላይ የሚገጠም ዋይድባንድ ኦክስጅን ሴንሰር የግድ ነው። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ እሱን ግዙ። ዝግ ብላችሁ ስትነዱ ለአንድ እጅ ቤንዚን በክብደት 14.7 እጅ አየር አካባቢ፣ ሙሉ ነዳጅ ስትረግጡ ከ12.5 እስከ 13 ድረስ ለተራ ቤንዚን ሞተር ጥሩ መነሻ ነው። ሴንሰሩ የሚያየው የተረፈውን ኦክስጅን መሆኑን ግን አትርሱ። ማርሚታው ከሴንሰሩ በፊት ከተቀደደ፣ ወይም አንድ ካንዴላ ካልተኮሰ፣ ቤንዚን አንሷል ይላችኋል። ሶፍትዌሩ በራሱ እንዲያስተካክል ከለቀቃችሁት ይህን አምኖ ቤንዚን ይጨምራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የቤንዚኑና የታይሚንጉ ሰንጠረዥ በግፊት ረድፍ በረድፍ የተከፈለ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ውስጥ እስከ ወለሉ ብትረግጡትም ከ77 አያልፍም። እንጦጦን ብትወጡ ጭነት ታገኛላችሁ፤ ግፊቱ ግን ከፍታው ሲጨምር ጭራሽ ይቀንሳል። የ80፣ የ90 እና የ100 ረድፎች ሞተሩ ረግጧቸው አያውቅም ማለት ነው። እዚያ ያለው ቁጥር ሶፍትዌሩ ሲጫን የመጣ ወይም ከታችኞቹ ረድፎች የተቀዳ ነው። መኪናው ከተማ ውስጥ እንደ ሐር ይሄዳል። ከዚያ ባለቤቱ ቤተሰቡን ጭኖ ቆላ ይወርዳል። አዳማ 83 አካባቢ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ 90፣ ሰመራ 96 ይደርሳል። አየሩ ወፍራም ነው፣ በዚያ ላይ ይሞቃል። እዚህ ያለ ችግር የተሸከመው የታይሚንግ ዲግሪ እዚያ ያስመታዋል፤ ድብልቁ ያለ ሰዓቱ እየፈነዳ ሞተሩ ይንኳኳል ማለት ነው። ሙዚቃ ከተከፈተ ማን ይሰማል? ፒስተን ሲበሳ ነው የሚታወቀው። የሰው ነፍስ የጫነ መኪና በረሃ መሀል ሲቆም ደግሞ ነገሩ ከሞተር በላይ ነው።

ስለዚህ ከከተማ ሳትወጡ የላይኞቹን ረድፎች በጥንቃቄ ሙሏቸው። ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ታይሚንጉ ይቀንስ፣ ድብልቁም ወደ መብዛት ያዘንብል። ከዚያ ጓደኛ ይዛችሁ ውረዱ። የሚነዳው መንገዱን ብቻ ይይ፣ ላፕቶፑን ሌላው ይያዝ። አዳማን አልፋችሁ ጭር ያለ ዳገት ፈልጉና በሦስተኛ ማርሽ ለአጭር ጊዜ ርገጡት። መስኮቱ ክፍት ይሁን። የሚንኳኳ ድምፅ ከሰማችሁ ወዲያው ልቀቁት። አዋሽ ላይ ድገሙት። ሞተሩ ሲበርድ ካንዴላዎቹን ፍቱና ነጩን ሸክላ በማጉያ መነጽር ተመልከቱ። ጥቃቅን የሚያብለጨልጭ ነጥብ ካለበት ከፒስተኑ የተነሳ አሉሚኒየም ነው። ያን ካያችሁ እዚያው ዲግሪ ቀንሱ፣ ፋይሉን በአዲስ ስም አስቀምጡ፣ ንጹሕ ካንዴላ ግጠሙና ያንኑ ዳገት እንደገና ፈትኑ። ካንዴላው ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ወደ ሰመራ አትቀጥሉ።