ባትሪው ለምን አያነጋም? በፀሐይ ለሚሠራ ሥራ ትንሽ ኮምፒውተር ስንመርጥ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሳቢያን ዳር ላይ ትንሽ የዶሮ እርባታ አለኝ። የቤቱን ሙቀት የሚለካና በየ15 ደቂቃው ፎቶ አንስቶ በሲም ሞደም የሚልክልኝ ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር አስገጥሜያለሁ። የመብራት መስመር ስላልደረሰን 40 ዋት ሶላር ፓነልና ባለ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የዩፒኤስ ባትሪ ነው የምጠቀመው። መጀመሪያ ሌሊቱን ያነጋ ነበር፤ አሁን ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይጠፋል። ሻጩ «ትልቅ ፓነል ግዛ» ይለኛል። ወይስ ፓይ 5 ልግዛ?
— ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ፓነሉን አይንኩት፤ ፓይ 5ም አይግዙ። ገንዘብዎን የሚፈልጉት ቦርዱ (ኮምፒውተሩ ራሱ) እና ባትሪው ናቸው። ሒሳቡ ይኸውልዎ።

ፓይ 4 ሥራ ፈቶ እንኳ 3 ዋት ገደማ ይበላል። ቀን ከሌት የበራ የዩኤስቢ ሞደም 1 ዋት ተኩል ያህል ይጨምርበታል። ከ12 ቮልት ወደ 5 ቮልት የሚያወርደው ኮንቨርተር ደግሞ 15 በመቶ ያህሉን ኃይል በሙቀት ያባክናል። ስለዚህ ከባትሪው የሚወጣው 5.3 ዋት ይሆናል፤ በ24 ሰዓት 127 ዋት ሰዓት ማለት ነው። ባትሪዎ በወረቀት ላይ 12 በ7፣ ማለትም 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። አዲስ ሳለ ጨርሶ ቢሟጠጥ 16 ሰዓት ገደማ ያቆያል፤ ያኔ ያነጋልዎ የነበረውም ለዚህ ነው።

ነገር ግን እንደ እርስዎ የዩፒኤስ ባትሪ ያለ ሊድ አሲድ ባትሪ በየሌሊቱ መሟጠጥን አይችልም። ከግማሽ በታች ባወረዱት ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። ሙቀቱ ሲታከልበት ይብሳል፦ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ብሎ ማስላት የተለመደ ነው፤ ድሬ ደግሞ 35 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። ግማሽ አቅሙን ያጣ ባትሪ 42 ዋት ሰዓት ይይዛል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ በ5.3 ዋት ሲበላ 8 ሰዓት ይቆያል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚጠፋው ለዚህ ነው።

ፓነሉ በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝና ከአቧራ፣ ከሙቀትና ከቻርጅ ብክነት በኋላ 70 በመቶው ቢተርፍ 140 ዋት ሰዓት ይሰጣል። አሁን ካለው ፍጆታ ጋር ሲተያይ አፍ ለአፍ ነው። አንድ ቀን ደመና ከሆነ ባትሪው ሳይሞላ ያድራል፤ ሳይሞላ የሚከርም ሊድ አሲድ ደግሞ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋግርና ይደክማል። ፓይ 5 ያለ ሥራ የሚበላው ከፓይ 4 አይተናነስም፤ አምራቹ የሚያዝለት አስማሚ 5 ቮልት 5 አምፔር ነው። ፍጥነቱ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ፎቶ ለሚያነሳ ሥራ የሚጨምረው ነገር የለም።

ለእርስዎ ሥራ የሚሆነው ራስፕቤሪ ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው ነው። በ2021 የወጣ፣ አራት ኮርና 512 ሜጋባይት ሚሞሪ ያለው ቦርድ ነው፤ ሥራ ሲፈታ 0.6 ዋት ገደማ ይበቃዋል። ዴስክቶፕ የሌለውን ላይት የተባለውን ሲስተም ይጫኑበት፤ ዴስክቶፑ ለ512 ሜጋባይት ይከብዳል። ሞደሙን ፎቶ በሚላክበት አንድ ሁለት ደቂቃ ብቻ ያብሩት። የዜሮው ዩኤስቢ መስመር ኃይሉን በሶፍትዌር ስለማያቋርጥ በሞደሙ 5 ቮልት ሽቦ ላይ ሪሌይ (በቦርዱ ትእዛዝ የሚበራና የሚጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ) ይግባበት። ሽቦውን «ኖርማሊ ኦፕን» በሚባለው ጫፍ ያስሩ፤ ሪሌዩ ኃይል ሲያጣ ሞደሙም ይጠፋል። የሪሌዩ ጥቅልል ሲበራ 0.35 ዋት ያህል ይበላል፤ በተገላቢጦሽ ከታሰረ ግን ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሲበላ ይውላል።

እንዲህ ሲሆን አማካዩ 1 ዋት ገደማ ይሆናል፤ ከኮንቨርተሩ ብክነት ጋር 1.2 ዋት፣ በቀን 29 ዋት ሰዓት። ከ127 ወደ 29! ለሦስት ደመናማ ቀን 87 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። በሊድ አሲድ ግማሹን ብቻ ስለምንጠቀም 18 አምፔር ሰዓት ይግዙ። አቅም ካለዎ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ይሻላል፤ 80 በመቶውን ቢጠቀሙበት ስለማይጎዳ ከ10 እስከ 12 አምፔር ሰዓት ይበቃዎታል። ከፓነሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን ኃይል የሚቆጣጠረው ቻርጅ ኮንትሮለር ግን ለዚህ ዓይነት ባትሪ የሚስተካከል መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ። 40 ዋቱ ፓነል ለዚህ ከበቂ በላይ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐዩን 4 ሰዓት ብለው ቢያሰሉት እንኳ።

ሲቀይሩ የሚያጋጥሙዎት ነገሮች አሉ። የፓይ 4 ካሜራ ሪባን (ጠፍጣፋው ገመድ) ባለ 15 እግር ሲሆን የዜሮው መሰኪያ ጠባብና ባለ 22 እግር ነው፤ የዜሮን ሪባን ለብቻው ይግዙ። ለሞደሙ የኦቲጂ ገመድ (ትንሹን የዩኤስቢ ቀዳዳ ወደ ትልቁ የሚቀይር) ያስፈልጋል፤ ዳታ የሚያልፍበት የዩኤስቢ ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ለኃይል ነው።

ኮንቨርተር ሲገዙ 7805 የሚባለውን ባለ ሦስት እግር ሬጉሌተር «ይሠራል» ብለው ቢሰጡዎት አይቀበሉ። ይሠራል፤ ነገር ግን ከ12 ቮልት 7ቱን በሙቀት ያቃጥለዋል። ግማሽ አምፔር ሲያልፍበት 3.5 ዋት ሙቀት ይወጣዋል፤ ቦርዱ ራሱ የሚያገኘው 2.5 ዋት ብቻ ነው። ስዊቺንግ የሆነውን፣ እንደ ኤልኤም2596 ያለውን ይያዙ። ሞጁሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን እያዞሩ ውጤቱን በቴስተር 5.1 ቮልት ላይ ካቆሙ በኋላ ብቻ ቦርዱን ያገናኙ። ሳይለኩ ያገናኙት እንደሆነ 12 ቮልት ሊገባበት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠገን ነገር አይኖርም።

ኮንቨርተሩ ከቦርዱ አጠገብ ይሁን፤ ረጅሙን መንገድ 12 ቮልቱ ይሂድ። 0.5 ሚሊሜትር ካሬ ስፋት ባለው ቀጭን ሽቦ 5 ቮልትን 10 ሜትር ቢወስዱት፣ የደርሶ መልሱ ሽቦ ሬዚስታንስ (ጅረትን የመቃወም መጠን) 0.7 ኦም ያህል ይሆናል። 1 አምፔር ሲያልፍ 0.7 ቮልት መንገድ ላይ ይቀርና ቦርዱ 4.3 ቮልት ይደርሰዋል። ፓይ ከ4.63 ቮልት በታች ሲወርድ የኃይል ማነስ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ «ቦርዱ ተበላሸ» ተብሎ የሚጣለው በዚህ ሽቦ ምክንያት ነው።

ቻርጅ ኮንትሮለሩ ላይ መጀመሪያ ባትሪውን፣ ቀጥሎ ፓነሉን ያገናኙ፤ ሲፈቱ መጀመሪያ ፓነሉን። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ 3 አምፔር ፊውዝ ይግባ። ብዙ ርካሽ ኮንትሮለሮች ኃይል የሚያቋርጡት 10.7 ቮልት ላይ ነው፤ ለሊድ አሲድ ይህ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ የሚስተካከል ከሆነ ወደ 11.5 ከፍ ያድርጉት። ሲያቋርጥ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ነው። በዚያች ሰከንድ ፓይው ሚሞሪ ካርዱ ላይ እየጻፈ ከነበረ ካርዱ ይበላሽና ጠዋት አይነሳም። ለዚህ መድኃኒቱ በፓይው ማስተካከያ ውስጥ ያለው «ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተም» ነው፤ ሲስተሙ ካርዱን ማንበብ እንጂ መጻፍ እንዳይችል ያደርገዋል። ዜሮው የራሱ ሰዓት ስለሌለውም ዲኤስ3231 የተባለችውን ባለ ሳንቲም ባትሪ ሰዓት ይግጠሙለት፤ አለበለዚያ ኔትወርክ ሳያገኝ ሲነሳ የፎቶዎቹ ቀን ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ ሐረር ዙሪያ ባለን የአትክልት ማሳ የአፈሩን እርጥበት በየ30 ደቂቃው ለክቶ በዋይፋይ የሚልክ ነገር መሥራት እፈልጋለሁ። ትንሹ ፓይ የትኛው ነው?
— ከሐረር

መልስ፦ ለዚህ ፓይ አያስፈልግዎትም። አንድ ቁጥር ለክቶ ለሚልክ ሥራ ኢኤስፒ32 የተባለው ዋይፋይ ያለው ትንሽ ቺፕ ይበቃል፤ በጥልቅ እንቅልፍ ላይ ቺፑ የሚበላው 10 ማይክሮአምፔር አካባቢ ነው። ነገር ግን ገበያ ላይ ያለው የመሞከሪያ ቦርድ ይህን ቁጥር ያበላሸዋል። ቦርዱ ላይ ያለው ኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተርና ቀይዋ መብራት ቺፑ ተኝቶም 5 ሚሊአምፔር ያህል ይበላሉ።

በቀን 48 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 10 ሰከንድ፣ በ120 ሚሊአምፔር ቢነቃ የሚፈጀው 16 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። የእንቅልፉ 5 ሚሊአምፔር ግን በ24 ሰዓት 120 ይሆናል፤ ከሥራው ሰባት እጥፍ ተኝቶ ይበላል። 18650 ከተባለው ክብ ሊቲየም ባትሪ 2500 ሚሊአምፔር ሰዓት ውስጥ 2000ውን ብንጠቀም፣ ያለ ፀሐይ 15 ቀን ያህል ይቆያል። ብክነቱ ቢወገድ አራት ወር ገደማ።

ይኸው ሬጉሌተር ሌላም ጣጣ አለው። 3.3 ለመስጠት ከዚያ 1 ቮልት ያህል ከፍ ያለ መግቢያ ይፈልጋል፤ 18650 ባትሪ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 3.7 ላይ ነው። ዋይፋዩ ሲነሳ ቮልቱ ይወርድና ቺፑ ደጋግሞ ራሱን ያስነሳል። ባትሪውን በአነስተኛ ልዩነት በሚሠራ እንደ ኤችቲ7833 ባለ ሬጉሌተር በኩል በቀጥታ ወደ 3.3 ቮልት እግር ያስገቡ፤ እግሩ አጠገብ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይበየድ። ቀይዋን መብራት ይንቀሏት። እርጥበት መለኪያው በካፓሲቲቭ የሚሠራው ይሁን፤ ሁለት ሹካ ያለውና ጅረት የሚያሳልፈው በአፈር ውስጥ ቶሎ ይዝጋል። ኃይሉንም ከቺፑ አንድ እግር ይስጡት፤ ቺፑ ሲተኛ እሱም ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ሳጥኑን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ብሰቅለው ለድሬ ፀሐይ ይችላል?
— ከነምበር ዋን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ቦርዱ ይችላል፤ ፓይ ፍጥነቱን ቀንሶ ራሱን ማቀዝቀዝ የሚጀምረው ቺፑ 80 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ባትሪው ግን አይችልም። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ መደረግ የለበትም፤ ፀሐይ ላይ ያለ የተዘጋ ሳጥን ደግሞ ከአየሩ ሙቀት እጅግ ይበልጣል። ባትሪውን ከጣሪያው በታች ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገው ያኑሩት። ቦርዱ ጣሪያው ላይ መሆኑ የግድ ከሆነ ነጭ ሳጥን ይጠቀሙና ከፓነሉ ጀርባ፣ አየር እንዲያልፍ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ክፍተት ትተው ያስሩት። ሽቦ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች ወደ ታች ይዙሩ።

ፓነሉም ይሞቃል። ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ያጣል፤ 65 ዲግሪ ሲደርስ 16 በመቶ ሄደ ማለት ነው። ከቆርቆሮው ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያዘንብሉት፤ ድሬ ከምድር ወገብ 9.6 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ ማቆም አያስፈልግም። ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ደግሞ ዝናቡ አቧራውን ወስዶ አይጠርግም፤ ታች ጠርዙ ላይ ጭቃ ይከማቻል።

ጥያቄ፦ በባትሪ ፈንታ የስልክ ፓወር ባንክ ብጠቀምስ?
— ከከዚራ

መልስ፦ ለፓይ ዜሮ ለጥቂት ቀን ሙከራ ይሆናል። ለኢኤስፒ32 አይሆንም፤ ብዙ ፓወር ባንኮች የሚወጣው ጅረት በጣም ሲያንስ ስልኩ ሞልቷል ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ቺፑ በተኛ በደቂቃ ውስጥ ይቋረጣል። ከመግዛትዎ በፊት ሌላም ይፈትኑ፦ በአንድ በኩል ቻርጅ እየተደረገ በሌላ በኩል መስጠት ይችላል? ቻርጀሩን ሲነቅሉትስ ቦርዱ ሳይጠፋ ይቀጥላል? ከፊራም ሆነ ታይዋን ገበያ ሲሄዱ ቦርድዎን ይዘው ሄደው እዚያው ሱቁ ላይ ይሞክሩት።