የመጀመሪያ ዓመት ውጤት አንገት ሲያስደፋ፦ ጥያቄና መልስ

ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት ካልኩለስ ላይ ዲ አግኝቻለሁ። በኋላ ደግሞ ለዓመታት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ሒሳብ ሳስጠና ኖርኩ። ስለዚህ ነገሩን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። ጥያቄዎቻችሁን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሃይስኩል እያለሁ ከክፍል አንደኛ ነበርኩ። አሁን ጂፒኤዬ (አማካይ ውጤቴ) 2.1 ነው። ደነዘዝኩ ወይስ ድሮም ጎበዝ አልነበርኩም?

መልስ፦ ኧረ ሁለቱም አይደለም። ዙሪያህን እየው፣ አብረውህ ከተቀመጡት ብዙዎቹ በየትምህርት ቤታቸው አንደኛና ሁለተኛ ሲወጡ የነበሩ ናቸው። ሁሉም እንደገና አንደኛ መውጣት አይችልም። ፍጥነቱም ሌላ ነው። ድሮ ወር ሙሉ ስትማረው የነበረው ምዕራፍ እዚህ በሳምንት ያልቃል፣ አስተማሪውም ገባችሁ አልገባችሁ ብሎ ቆሞ አይጠብቅም፣ አንተ ግን ፈተና ሲደርስ የምትቸክልበትን የድሮ ልማድህን ይዘህ ነው የገባኸው። ድሮ ሠርቶልሃል። አሁን አልሠራም።

ጥያቄ፦ ኖቴን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩ። ሁሉም ገብቶኝ ነበር። ፈተናው ላይ ግን ባዶ ሆንኩ። ምን ሆኜ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይሄን ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ብነግርሽ አታምኚኝም። ደጋግመሽ ስታነቢው ገጹ ይለመድሻል። መልመድ ደግሞ ማወቅ ይመስላል። ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ይህንኑ የሚያሳይ ሙከራ አሳትመዋል። ተማሪዎች ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አነበቡ። ከዚያ አንዱን ደግመው አነበቡት፣ ከሌላው ደግሞ ጽሑፉን ሳያዩ ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ የተጠየቁት ደግመው ያነበቡትን ጽሑፍ ትንሽ አብልጠው አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ በተጠየቁት ላይ ግን ተገለበጠ፤ ሳያዩ ለመጻፍ ከሞከሩት ጽሑፍ 56 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ደግመው ካነበቡት ጽሑፍ 42 በመቶውን ብቻ አስታወሱ። ፈተና ደግሞ ከ5 ደቂቃ በኋላ አይመጣም።

ስለዚህ አንዴ አንብቢና ኖቱን ዝጊው። ባዶ ወረቀት ላይ ያስታወስሽውን ጻፊ። የጎደለውን ከፍተሽ እይ። ከሁለት ቀን በኋላ ድገሚው፣ ከሳምንት በኋላም እንደዚያው። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፣ ምንም የማታውቂ ይመስልሻል፤ ግን ያ ንዴት ፈተና ክፍል ውስጥ ከሚመጣ እቤት ቢመጣ አይሻልም? ሒሳብና ፊዚክስም ላይ ያው ነው፣ የተሠራ ጥያቄ እያዩ “አዎ አዎ” ማለት አጥንቶ መጨረስ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጂፒኤዬ ከዚህ በኋላ ይነሳል ወይስ አለቀልኝ?

መልስ፦ እናስላው። ክሬዲቱ (ኮርሶቹ በአማካዩ ላይ ያላቸው ክብደት) በየሴሚስተሩ እኩል ነው እንበል። የመጀመሪያው 2.1 ሆኖ ሁለተኛውን 3.4 ብታመጣ 2.75 ትሆናለህ። የቀሩትን ሰባት ሴሚስተሮች ሁሉ 3.4 ብታመጣ ደግሞ 3.24 ይዘህ ትመረቃለህ። አላለቀልህም። ግን አትዘግይ፣ የተያዘው ክሬዲት በበዛ ቁጥር አማካዩን ማንቀሳቀስ ይከብዳል። ሌላው ብዙ ሰው የማያየው ነገር ክሬዲቱ ነው፤ ባለ 4 ክሬዲት ኮርስን ከሲ ወደ ቢ ማንሳት ባለ 1 ክሬዲቱን ከሲ ወደ ኤ ከማንሳት እጥፍ ያዋጣል።

ጥያቄ፦ አስተማሪው ጋ መሄድ እፈራለሁ። ምን ልበለው?

መልስ፦ “ለምን ይሄን ሰጠኸኝ” ብለህ አትጀምር፣ ያኔ ክርክር ይሆናል። “የፈተና ወረቀቴን ማየት ፈልጌ ነው፣ የት እንደሳትኩ ልወቅ” በለው። ከዚያ ስህተቶችህን ለያቸው፦ ጨርሶ ያላወቅከው፣ እያወቅክ የተሳሳትከው፣ ጊዜ አልቆብህ የተውከው። አንድ የማስጠናው ልጅ ካልኩለስ አይገባኝም ብሎ ተስፋ ቆርጦ መጣ። ወረቀቱን አብረን ስናይ ካልኩለሱን ያውቀዋል፣ ነጥቡን የበላበት የክፍልፋይና የመደመር መቀነስ ምልክት ነው። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ! ሦስት ሳምንት እሱን ብቻ ሠራን።

ጥያቄ፦ እኔ እናት ነኝ። ልጄ ውጤቱን ደበቀኝ። እንዴት ላናግረው?

መልስ፦ እናቴ፣ የደበቀዎት ንቆዎት ሳይሆን አፍሮ ነው። “አንተ ጎበዝ አልነበርክ እንዴ፣ ምን ነካህ?” የሚለውን ይተዉለት፣ ራሱም ሌት ተቀን የሚለው ያንኑ ነው። የእገሌን ልጅም አያንሱበት። “የትኛው ትምህርት ነው የከበደህ?” ብለው ይጀምሩና ዝም ብለው ይስሙት።

ጥያቄ፦ ኮርሱን ድሮፕ ላድርግ (አቋርጬ ልተወው)?

መልስ፦ ቀነ ገደብ ስላለው ዛሬውኑ ሬጅስትራር ጠይቂ። ደግመሽ ስትወስጂው አዲሱ ውጤት አሮጌውን ይተካው እንደሆነም ጠይቂ፣ ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያል።

ጥያቄ፦ ሁሌ ብቻዬን ነው የማጠናው። ግሩፕ ጊዜ ማባከን አይደለም?

መልስ፦ ወሬ ከሆነ አዎ። ግን ኡሪ ትራይስማን የተባለ የሒሳብ መምህር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ባለው በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ካልኩለስ የሚጥላቸውን ተማሪዎች ሲከታተል፣ ብዙዎቹ ሰነፎች ሳይሆኑ ለብቻቸው የሚለፉ ሆነው አገኛቸው። ጥሩ የሚያመጡት መጀመሪያ ለየብቻቸው ሠርተው፣ ቀጥሎ ተሰብስበው መልስ የሚያመሳክሩት ነበሩ። ቅደም ተከተሉን ልብ በል።

ጥያቄ፦ ከዶርም መውጣት አቁሜያለሁ። እንቅልፍ የለኝም። አንዳንዴ ባልኖርስ እላለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ የግሬድ ጉዳይ አይደለም፣ ስለ አጠናን የጻፍኩትን ሁሉ ለጊዜው ተወው። አሁን፣ ይሄን አንብበህ ሳትጨርስ፣ ለምታምነው አንድ ሰው እዚህ የጻፍከውን ያንኑ ቃል ንገረው፣ ብቻህንም አትሁን። ከዚያ አብራችሁ ወደ ግቢው ክሊኒክ ወይም አማካሪ ሂዱ። ራስህን ልትጎዳ እንደምትችል ከተሰማህ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ሐኪም የሚያክመው ነገር ነው፣ ድክመት አይደለም። ከሄድክ በኋላ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።

ጥያቄ፦ አንተስ ያን ዲ ምን አደረግከው?

መልስ፦ ደግሜ ወሰድኩትና ሲ ፕላስ አመጣሁ። ቢ እንኳ አልሞላም፣ ሃሃ። ሁለቱም ትራንስክሪፕቴ ላይ አሉ። ከእናንተ በፊት የጠየቀኝ ሰው የለም።