በረዶ የመታው ማሳ ጉዳይ ክልል የሚደርሰው እንዴት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ በምትገኝ አንዲት ቀበሌ የማስተምር መምህር ነኝ። ባለፈው ክረምት፣ በነሐሴ አጋማሽ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወረደ በረዶ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የአንድ ጎጥ ስንዴና ድንች ከመሬት ጋር አጣብቆት ሄደ። የቀበሌው ሊቀ መንበር «ለወረዳ አሳውቀናል» አሉን፤ ወረዳ ስንጠይቅ «ለዞን ልከናል» ተባልን፤ ከዞን ደግሞ «በጥናት ላይ ነው» የሚል መልስ መጣ። «ጎጃም የጥጋብ አገር ነው» መባሉ በእኛ ላይ ዕዳ የሆነብን ይመስለኛል። ለመሆኑ እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ በክልል መንግሥት ውስጥ ኃላፊው ማን ነው? የሚያስተባብረውስ?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ የጎጡ ገበሬዎች የደረሰባቸውን ሳነብ ከልቤ አዘንሁ። ጥያቄዎ የብዙ አንባቢዎቻችን ጥያቄ ስለሆነም ሰፋ አድርጌ ልመልስ። በሕግ በኩል ነገሩ ግልጽ ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 89 ንኡስ አንቀጽ 3፣ መንግሥት የተፈጥሮም ሆነ ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ እንዲከላከል፣ ከደረሰም ለተጎጂው እርዳታ በወቅቱ እንዲያደርስ ኃላፊነት ጥሎበታል። «በወቅቱ» የምትለዋን ቃል ልብ ይበሉልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

በአማራ ክልል ሥራውን የሚያስተባብረው መቀመጫው ባሕር ዳር የሆነው የአደጋ መከላከልና የምግብ ዋስትና ፕሮግራሞች ማስተባበሪያ ኮሚሽን ሲሆን፣ በዞንና በወረዳም ይህንኑ ሥራ የያዙ ክፍሎች አሉ። ማስተባበር ግን ሁሉንም ነገር ራስ መሥራት አይደለም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲና ስትራቴጂ እያንዳንዱን የአደጋ ዓይነት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በመሪነት ይሰጣል፤ ሰብልና እንስሳትን የሚጎዳው በግብርና፣ ወረርሽኙ በጤና መሥሪያ ቤት ይመራል። ኮሚሽኑ እነዚህን መሥሪያ ቤቶች ያገናኛል፣ ከየአቅጣጫው የሚመጣውን መረጃ ያጠናቅራል፣ የዕለት ደራሽ እህልና ቁሳቁስ እንዲጫን ያደርጋል፣ የክልሉ አቅም ሲያጥር ደግሞ ለኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጥያቄ ያቀርባል። ስለዚህ በእናንተ ጉዳይ የጉዳቱን ልክ አጣርቶ የሚያወጣው የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት፣ ያንን ይዞ ወደ ላይ የሚጠይቀውና እርዳታውን የሚያከፋፍለው ደግሞ የአደጋ መከላከል ክፍሉ ነው ማለት ነው።

የአሠራሩ መሠረት እያንዳንዱ እርከን የሚችለውን ሠርቶ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ለበላዩ ማሳወቁ ነው። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን የተባላችሁት በራሱ ትክክለኛው መንገድ ነው። ነገሩ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በዚያ መንገድ የሚጓዘው ወረቀት ባዶ በመሆኑ ነው። እኔ ራሴ በአንድ ወረዳ በቅድመ ማስጠንቀቂያ ባለሙያነት በሠራሁባቸው ዓመታት «በቀበሌያችን ከፍተኛ በረዶ ስለጣለ አስፈላጊው ሁሉ እንዲደረግልን እንጠይቃለን» የምትል፣ ማኅተም ያረፈባት የአንድ መስመር ደብዳቤ ስንት ጊዜ ተቀብያለሁ። ከእርሷ ጋር ተያይዞ የመጣ ነገር የለም። በእንዲህ ያለ ደብዳቤ ማንም ባለሥልጣን፣ ቢፈልግ እንኳ፣ አንድ መኪና እህል ሊያስጭን አይችልም።

ምክንያቱን በቁጥር ላሳይዎ። የተለመደው የአንድ ሰው ወርኃዊ ድርሻ 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ነው። በጎጡ 400 ሰው ተጎድቶ ቢመዘገብ፣ ለአንድ ወር 60 ኩንታል እህል፣ 6 ኩንታል ጥራጥሬና 180 ሊትር ዘይት ያስፈልጋል። መጋዘኑ የሚከፈተው፣ መኪናው የሚታዘዘው፣ የጭነት ሰነዱ የሚፈረመው በዚህ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነው። ቁጥሩ ከሌለ የሚታዘዝ ነገር የለም።

ስለዚህ ጉዳት በደረሰ ማግሥት ከልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ ከጎጡ ሽማግሌዎችና ከቀበሌው አስተዳደር የተውጣጡ ሰዎች ማሳ ለማሳ መዞር አለባቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። በአንድ ማሳ ውስጥ አራት አምስት ቦታ ላይ አንድ አንድ ካሬ ሜትር በገመድ ይለካል፤ በዚያ ውስጥ የቆመውና የተሰበረው አገዳ ይቆጠራል፤ ጉዳቱ ከመቶ ስንት እንደሆነ ይወጣል። ገና አገዳ ያላወጣ ስንዴ ቅጠሉ ቢበጣጠስ እንኳ እንደገና ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ ዛላ ካወጣ በኋላ የተመታ ግን አያገግምም፤ በመሆኑም ሰብሉ በምን ደረጃ ላይ እንደነበረ መጻፍ ግድ ነው። ከዚያ ቀኑና ሰዓቱ፣ የጎጡ ስም፣ የአባወራዎችና የእማወራዎች ዝርዝር ከነቤተሰብ ቁጥራቸው፣ በየሰብሉ የተጎዳው ጥማድ፣ በየጎተራው የቀረው እህል ስንት ወር እንደሚያደርስ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። አንዱን ቅጂ እናንተ ጋ አስቀሩ። ለወረዳ ሲገባም ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ ተቀበሉ።

አሁን ወደ «በወቅቱ» ልመለስ። በነሐሴ የተመታ ገበሬ፣ መሬቱ የወይና ደጋ ጥቁር አፈር ከሆነ፣ ነሐሴ ሳይወጣ ወይም በመስከረም መጀመሪያ ዘር ካገኘ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ሊዘራበት ይችላል። ይህ ጊዜ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ያ ዘር በጥቅምት ቢመጣ ዋጋ የለውም፤ ገበሬው ለከርሞ የሚኖረው በልመና ወይም በጥጃው ሽያጭ ይሆናል። እንደ እናንተ ባለ ደጋ መሬት ደግሞ እንዲህ ያለ ዕድል ጠባብ ስለሆነ የዕለት ቀለቡና ለቀጣዩ ዓመት የሚሆነው የድንች ዘር አብሮ ሊታሰብ ይገባል። አደጋ መከላከልን የእህል እደላ ብቻ አድርጎ ማየት ትልቅ ጉዳት ያመጣል ብዬ አምናለሁ፤ በጊዜው የደረሰ አንድ ኩንታል ዘር ዘግይቶ ከመጣ አሥር ኩንታል ቀለብ ይበልጣል።

ስለ ጥጋብ አገርነቱ የጻፉት እውነት አለበት። ከመኸር በኋላ የክልልና የፌዴራል ባለሙያዎች ከረድኤት ድርጅቶች ጋር ሆነው የምርቱን ሁኔታ በየዓመቱ ያጠናሉ፤ የሚቀጥለው ዓመት የተረጂ ቁጥርም በአብዛኛው ከዚያ ይወጣል። ጥናቱ ወረዳን እንደ አንድ አካል ሲያይ፣ ከታች ያለው የጤፍ ሜዳ ጥሩ ስላፈራ የወረዳው አማካይ ምርት ደህና ይመስላል፤ ከላይ በበረዶ የተመታው ጎጥና በዓባይ በረሃ ጫፍ ዝናብ የተቋረጠበት ቆላ በዚያ አማካይ ውስጥ ይዋጣሉ። ስለዚህ መረጃችሁ በወረዳ ሳይሆን በቀበሌና በጎጥ ተዘርዝሮ መቅረቡን አጥብቃችሁ ጠይቁ።

የክልሉ ክምችት የማይበቃ ሲሆን እህሉ የሚመጣው ከፌዴራሉ የመጠባበቂያ መጋዘኖች፣ ለምሳሌ ከአዳማ ወይም ከኮምቦልቻ ነው። ከአዳማ የሚነሣ መኪና ወደ ምሥራቅ ጎጃም የሚገባው በዓባይ በረሃ በኩል ሲሆን፣ ያ መንገድ አፈሩ በየክረምቱ እየተንሸራተተ የሚያስቸግር መሆኑን በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል የተጓዘ ሁሉ ያውቀዋል። ከኮምቦልቻ ደግሞ በወልድያና በደብረ ታቦር አድርጎ ባሕር ዳር መግባት ይቻላል። በዝናብም ሆነ በጸጥታ ችግር መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ሁሉ ይህ ጉዞ በእጥፍ ይረዝማል። ከክረምት በፊት በዞንና በወረዳ መጋዘን እህል ቀድሞ መቀመጥ አለበት የምንለውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም ነው የምጽፈው። የተፈጥሮ አደጋ ሲደርስ ክልሉ እርዳታ ለመስጠት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ማወጅ አለበት ወይ? ሰዎች ሲከራከሩ ሰምቼ ነው።

መልስ፦ የለበትም። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት የተፈጥሮ አደጋ ወይም የሕዝብን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል በሽታ ሲከሠት የክልል መስተዳድርም በክልል ደረጃ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሊያውጅ ይችላል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የትግራይ ክልል በመጋቢት ወር እንዲሁ አውጆ ነበር፤ የፌዴራሉ አዋጅም በዚያው ወር መጨረሻ ተከትሏል። አዋጁ የሚያስፈልገው እንቅስቃሴን እንደ መገደብ ያሉ፣ መብትን የሚነኩ እርምጃዎች ሲወሰዱ ነው። ለተጎዳ ሰው እህል ለማድረስ፣ ቤቱ ለፈረሰበት መጠለያ ለመሥራት ግን አዋጅ አይጠበቅም።

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የምኖር የእድር ጸሐፊ ነኝ። ዘመዶቻችን ከሚኖሩበት መንደር በላይ ባለው ተዳፋት መሬቱ ተሰንጥቋል ተባልን። መንግሥት እስኪደርስ ምን እናድርግ? ልብስና እህልስ ብንሰበስብ ለማን እናስረክብ?

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህን ነገር ለነገ አታሳድሩት። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን የደረሰውን አስታውሱ። በመጀመሪያ የተንሸራተተው አፈር የቀበራቸውን ለማውጣት ጎረቤት ሁሉ ተሯሩጦ ሲቆፍር፣ ተራራው ዳግመኛ ተንዶ የረዳቶቹን ነፍስ አብሮ ወሰደ፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ካለቁት ብዙዎቹ ለወገናቸው የደረሱ ደጋግ ሰዎች ናቸው። ይህን የምጽፈው እጄ እየከበደኝ ነው።

የመሬት ስንጥቅ እየሰፋ ከሄደ፣ ዛፍና አጥር ወደ ቁልቁለት ካዘመመ፣ የቤት በር ያለምክንያት አልገጥም ካለ፣ ምንጩ በድንገት ከደፈረሰ ወይም ከዚህ ቀደም ባልነበረበት ቦታ ውኃ ከፈለቀ፣ ከተዳፋቱ ሥር ያሉ ቤተሰቦች ከነከብታቸው ወደ ሌላ ሸንተረር መውጣት አለባቸው፤ በተለይ ሌሊት ዝናብ ሲጥል እዚያ ማደር አይገባም። ዘመዶቻችሁ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ችካል ተክለው በመካከላቸው ያለውን ርቀት በየቀኑ ለክተው ይመዝግቡ፤ ርቀቱ ከጨመረ ለቀበሌና ለወረዳ በስልክ፣ ቀጥሎም በጽሑፍ ያሳውቁ። ናዳው ከደረሰ ደግሞ ወዲያው ሁሉም አይቆፍር። ላይ ተዳፋቱን ብቻ እያየ የሚጮህ ሰው ይመደብ፤ ጥቂት ሰዎች እየተፈራረቁ ይቆፍሩ፤ ሌላው ሕዝብ ከናዳው መንገድ ርቆ ይቁም። የቤተሰቡን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ማን እንደወጣና ማን እንደቀረ ይመዝግብ። ለቆሰሉት አምቡላንስ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን በ907 መጥራት ይቻላል።

የምትሰበስቡትን ለወረዳው ወይም ለዞኑ አደጋ መከላከል ክፍል፣ ወይም ለቀይ መስቀል የደብረ ማርቆስ ቅርንጫፍ በደረሰኝ አስረክቡ። በየፊናው እህል ጭኖ መሄድ፣ በቅንነት ቢሆንም፣ መንገድ ዳር ያለውን ሁለት ጊዜ አስረድቶ ከገደል ማዶ ያለውን ባዶ እጁን ያስቀራል። ከመሰብሰባችሁ በፊት ደውላችሁ የጎደለውን ጠይቁ፤ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ከአሮጌ ልብስ ይልቅ ብርድ ልብስ፣ የመጠለያ ሸራ፣ ጀሪካን፣ ድስትና ሳሙና ነው። ለእናቶች የንጽሕና መጠበቂያ፣ ለሕፃናት አልሚ ምግብም ይረሳልና አክሉበት።