መብራት ሲጠፋ ዘፈኑም አብሮ ጠፋ

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ኖት? ከኮምቦልቻ ነው የምፅፍሎት። ያገለገለ ኮርግ ትራይተን ኪቦርድ አለኝ፣ ሰርግ እሰራበታለሁ። ባለፈው ሀሙስ ማታ ለጓደኛዬ ሰርግ ብዬ በአምባሰል ቅኝት አንድ ዘፈን ሲኩዌንሰሩ (ኪቦርዱ ውስጥ ያለው መቅጃ) ላይ እየቀዳሁ ነበር፣ ድራሙ ቤዙ ብራሱ ሁሉም ገብቶ አራት ሰአት ፈጅቶብኛል፣ ልክ ሊያልቅ ሲል መብራት እልም። ሲመጣ ብከፍተው ባዶ። የገረመኝ ግን ያስተካከልኩት የብራስ ሳውንድ አለ፣ እሱን ራይት አድርጌው ነበር። ታዲያ ዘፈኑ የት ሄደ? ይመለሳል ወይ?

መልስ፦ ወንድምዓለም፣ ዘፈኑ አይመለስም። ይመልስልሃል ብሎ ብር የሚጠይቅህ ሰው ካለ አትስጠው። ግን አብሽር፣ ዜማው ጭንቅላትህ ውስጥ ገና ትኩስ ነው፣ ይሄን እንዳነበብክ ስልክህን አውጣና ቤዙን በአፍህ፣ ብራሱን በአፍህ እያልክ ቅዳው፣ ነገ ስትቀመጥ ግማሹ መንገድ አልቆልሃል።

አሁን የት ሄደ ላልከው። ትራይተን (በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው) ራይት ያደረግከውን ሳውንድና ኮምቢኔሽን (የተደራረቡ ሳውንዶች) መብራት ቢጠፋም ይይዘዋል፣ ሲኩዌንሰር ላይ የቀዳኸው ዘፈንና የቀዳኸው ሳምፕል (ከውጪ የቀዳኸው ድምፅ) ግን የሚቆየው ኪቦርዱ በርቶ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። መብራት ባይጠፋ እንኳ አንተው በእጅህ ብታጠፋው ያው ነበር። ራይት ማለትና ሴቭ ማለት ይለያያል፣ ብዙ ልጆች እዚህ ጋ ነው የሚሳሳቱት፣ ራይት ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፣ ሴቭ ደግሞ ወደ ውጪ፣ ፍሎፒ ዲስክ ላይ ያወጣልሃል። ስለዚ ዲስክ ሞድ ትገባና ሴቭ ኦል ትላለህ። ሶስት አይነት ፋይል ይሰራልሃል፣ ፒሲጂ ሳውንዶችህን ይይዛል፣ ኤስኤንጂ ዘፈኑን፣ ኬኤስሲ የሳምፕሉን ዝርዝር፣ ሳምፕሉ ራሱ አብሮት በሚወጣው ፎልደር ውስጥ ነው። ኤስኤንጂዋን ብቻ ይዘህ ሰርግ ቤት ሌላ ትራይተን ላይ ብትከፍት ኖታው ይመጣል ግን ያ የደከምክበት ብራስ በቦታው ሌላ ሳውንድ ተቀምጦ ታገኘዋለህ፣ ዘፈኑ የሚጠራው የሳውንዱን ቁጥር ነውና። ሁሌ አብረህ አውጣቸው።

መቼ ሴቭ ላድርግ ካልክ ድራሙ ሲያልቅ አንዴ፣ ቤዙ ሲገባ አንዴ፣ እንዲህ እያልክ ሂድ። በሁለት ፍሎፒ እያፈራረቅክ አድርገው። ምክንያቱም መብራቱ ልክ እየፃፈ እያለ ከጠፋ እዛ ፍሎፒ ላይ ያለው ሊበላሽ ይችላል፣ በአንድ ፍሎፒ ብቻ አሮጌው ላይ እየደረብክ ከነበረ አሮጌውም አዲሱም ሄደ ማለት ነው፣ በሁለት ከሆነ ግን የጠፋብህ የመጨረሻው ግማሽ ሰአት ስራ ብቻ ነው። ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) መግዛት ከቻልክ ግዛ፣ ኪቦርድ እንደ ኮምፒውተር ብዙ ሀይል አይበላም፣ ሴቭ አድርገህ በስርአቱ እስክታጠፋው ይበቃሃል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኪቦርዱ ከጠፋ በኋላ ሶኬቱን ንቀለው፣ ሲመለስ ቮልቱ ይዘላል፣ እስኪረጋጋ ትንሽ ጠብቅ።

እኔ ይሄን ያወቅኩት በጣም በሚያም መንገድ ነው። በ1998 ዓ.ም. አጎቴን ማሲንቆ አስመትቼ ሳምፕል አደረግኩት፣ የአምባሰል ሰው ነው፣ እንደሱ የሚስብ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። ትራይተን ከፋብሪካ ሲወጣ የሳምፕል ሜሞሪው 16 ሜጋባይት ነው፣ ፍሎፒ ደግሞ 1.44 ሜጋባይት ብቻ ስለሚይዝ ሙሉውን ለማውጣት ከ11 ፍሎፒ በላይ ይፈልጋል። የኔ አምስት ፈጀ። ጠቅልዬ ቁምሳጥን ስር አስቀመጥኳቸው፣ የደሴን ክረምት ታውቀዋለህ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ውስጥ ነው የሚያድረው። ሁለት አመት ቆይቼ ስከፍት ሶስተኛው ፍሎፒ ሻግቶ አላነበበም። አጎቴ ያኔ አርፎ ነበር። አራቱ ደህና ናቸው፣ ግን አንድ ላይ ካልሆኑ ያ ማሲንቆ አይነሳም። እስከዛሬ አልጣልኳቸውም።

ለዚ ነው አንድ ቅጂ ቅጂ አይደለም የምለው። ከቻልክ የፍሎፒ ድራይቩን አስነቅለህ በፍላሽ የሚሰራ የፍሎፒ ኢሙሌተር አስገባበት፣ ትራይተን ላይ ይሰራል። ከዛ ፋይሎቹን ኮምፒውተር ላይ ገልብጥ፣ ቴሌግራም ላይም ለራስህ እንደ ፋይል ላከው፣ ደሴ ዘመድ ካለህ ለሱም ላክ። ኪቦርዱ ቢሰረቅ ወይ ቤቱ ጎርፍ ቢገባው ስራህ ሌላ ከተማ አለ።

ጥያቄ፦ ከደሴ ቧንቧ ውሃ ነኝ። ያማሃ ኪቦርዴ ላይ 64 ጂቢ ፍላሽ ስሰካ ፎርማት ላድርግ ወይ ይለኛል። እሺ ልበለው?

መልስ፦ እህቴ ቆይ፣ እሺ ካልሽው ፍላሹ ላይ ያለው በሙሉ ይጠፋል። መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ ያለውን ገልብጪ። ከ32 ጂቢ በላይ የሆኑ ፍላሾች አብዛኛውን ጊዜ ኤክስፋት በሚባል ፎርማት ነው የሚመጡት፣ ብዙ ኪቦርድ ደግሞ የሚያውቀው ፋት 32 ነው። ባይሆን ለኪቦርዱ ብቻ የሚሆን አንድ 8 ወይ 16 ጂቢ ፍላሽ ግዢና ራሱ ኪቦርዱ ላይ ፎርማት አድርጊው፣ ፊልምና ፎቶ አትቀላቅዪበት። እየፃፈ እያለ ደግሞ በጭራሽ እንዳትነቅዪው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የድሮ ኮርግ ኤም 1 ኪቦርድ አለኝ፣ ሲከፈት ባትሪ ሎው ይላል። ጥገና ልስጠው?

መልስ፦ ስጠው ግን ዛሬ አይደለም። ኤም 1 (የ1988 እ.ኤ.አ. ነው) ሳውንዶቹን የሚይዘው ውስጡ ባለች አንዲት ጠፍጣፋ ባትሪ ነው፣ እሷ ስትወጣ ያስተካከልከው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ፍሎፒ የለውም፣ ስለዚ ወይ በራም ካርድ (ኪቦርዱ ላይ የሚሰካ ማስቀመጫ ካርድ) ወይ በሚዲ ገመድ ወደ ኮምፒውተር አውጣው። የወጣው ፋይል መልሶ ሲገባ ማየትህን አትርሳ፣ ከዛ ነው ጠጋኙ ጋ ይዘኸው የምትሄደው።