ከኮዱ በፊት ኤሌክትሪኩን

ልጆች፣

ኢኤስፒ-01 የምትባለዋን የዋይፋይ ቦርድ ገዝታችሁ «አልሠራ አለችኝ» የምትሉትን ሁሉ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ኤሌክትሪኩን የሰጣችኋት ከየት ነው? ብዙው ሰው ይህን ሳያጣራ ኮዱን ሦስት ጊዜ ይጽፋል፤ ላይብረሪውን አጥፍቶ እንደገና ያወርዳል። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ሽቦው ላይ ነው።

ቦርዷ ከክብሪት ቀፎ ግማሽ አትበልጥም፤ 14.3 በ24.8 ሚሊሜትር ናት። ላይዋ ላይ ያለው ቺፕ የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ የሠራው ኢኤስፒ8266 ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ስትወጣ ሰው አርዱኢኖ ለተባለው ፕሮግራም የሚጫንበት ቦርድ ዋይፋይ እንድትሰጥ ብቻ ይቀጥላት ነበር፤ ቆይቶ ግን ራሷን ችላ ፕሮግራም መያዝ እንደምትችል ታወቀ። ትንሽነቷ አያታላችሁ። የምትፈልገው 3.3 ቮልት ነው፤ ጣሪያዋ 3.6 ስለሆነ 5 ቮልት በቀጥታ አታቅምሷት። በተለመደው ጊዜ 80 ሚሊአምፔር ገደማ ትወስዳለች፣ በዋይፋይ ልትልክ ስትል ግን ለቅጽበት ከ300 በላይ ትስባለች። የአርዱኢኖ ኡኖ የ3.3 ቮልት ፒን ደግሞ እንዲሰጥ የተፈቀደለት 50 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ስለዚህ ቦርዷ ትነሳለች፣ ዋይፋይ መፈለግ ስትጀምር ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ትጠፋለች፣ እንደገና ትነሳለች። ቴስተር ብታስነኩትም «3.3» ይላችኋል፤ መውረዱ እጅግ አጭር ስለሆነ ቴስተሩ አይደርስበትም።

መፍትሔው ርካሽ ነው። 5 ቮልት ከደህና የስልክ ቻርጀር ውሰዱ፣ በኤኤምኤስ1117 ሬጉሌተር ወደ 3.3 አውርዱት። ከዚያ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር (ለቅጽበት የሚሆን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) እና 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ አንድ ላይ የቦርዷ የ3.3 ቮልት እና የግራውንድ (የአሉታዊው ጫፍ) ፒኖች ሥር አስጠጉ። ሥሯ ስል ሥሯ ማለቴ ነው! 20 ሳንቲሜትር ርቆ በቀጭን ጃምፐር ሽቦ የመጣ ካፓሲተር ለዚያች ቅጽበት አይደርስላትም። ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ሰሌዳ) ላይም በቀጥታ አትሰኳት፤ ስምንቱ ፒኖች በሁለት ረድፍ ተጠጋግተው ስለሚገኙ ፊት ለፊት ያሉት እርስ በርስ ይገናኛሉ።

ኤሌክትሪኩ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው የአነሳሷ ነገር ነው። ኤሌክትሪክ ስታገኝ መጀመሪያ ፒኖቿን ታያለች። ጂፒአይኦ 0 የተባለውን የመግቢያና የመውጫ ፒን ከግራውንድ ጋር ተገናኝቶ ካገኘችው አዲስ ፕሮግራም ለመቀበል ትዘጋጃለች፤ ከፍ ብሎ፣ ማለት 3.3 ቮልት ላይ ሆኖ ካገኘችው ያለውን ፕሮግራም ታስነሳለች። ጂፒአይኦ 2 በሁለቱም ጊዜ ከፍ ማለት አለበት። ሲኤች-ፒዲ የተባለውን ፒን በ10 ኪሎኦም ሪዚስተር ከ3.3 ቮልት ጋር አገናኙት፤ እሱን መርሳት ቦርዷን ጭራሽ አለማብራት ነው። ፕሮግራም ስትጭኑ 0ን ከግራውንድ አገናኙ፣ ኤሌክትሪኩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ጫኑ፣ 0ን ንቀሉ፣ እንደገና አጥፍታችሁ አብሩ። የመጨረሻዋን እርምጃ የሚረሳት ሰው ብዙ ነው።

ስትነሳ የምትጽፈውን ጽሑፍ ማንበብ ልመዱ። ኮምፒውተር ላይ በሲሪያል ሞኒተር (የቦርዷ ጽሑፍ የሚታይበት መስኮት) በ115200 ፍጥነት ስትከፍቱት ዝብርቅርቅ ያለ ፊደል ታያላችሁ፤ ተበላሽታ አይደለም፣ የመነሻ መልእክቷን የምትጽፈው በ74880 ስለሆነ ነው። ፍጥነቱን ወደዚያ ቀይሩና «ቡት ሞድ» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን የመጀመሪያ ቁጥር እዩ። 3 ከሆነ ፕሮግራሟን ልታስነሳ ነው፤ 1 ከሆነ ጂፒአይኦ 0 አሁንም ከግራውንድ ጋር እንደተያያዘ ነው። የመነሻ ምክንያቱ 4 ከሆነ ደግሞ ዎችዶጉ፣ ማለት ፕሮግራሙ ሲቆምባት እንደገና የሚያስነሳት ጠባቂ ነው ያስነሳት፤ ያኔ ኮዳችሁ ውስጥ እረፍት የሌለው ረጅም ዙር ፈልጉ። እንግዲህ ኮድ የሚጠረጠረው እዚህ ላይ ነው።

ዋይፋዩን ጭራሽ ካላየችው የስልካችሁን ሆትስፖት ተመልከቱ። ይህች ቺፕ የምታውቀው 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው፤ 5 ላይ የተቀመጠ ሆትስፖት ለእሷ የለም።

አሁን ለአዲስ አበባ ልጅ የሚጠቅም ሥራ ላንሳ፦ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ውስጥ ስንት እንደቀረ ስልክ ላይ ማየት። ለዚህ ኢኤስፒ-01ን ተዉአት፣ ፒን ያንሳታል፤ ያው ቺፕ ያለበትን ዲ1 ሚኒ ውሰዱ። ኤችሲ-ኤስአር04 የተባለው፣ በድምፅ ምላሽ ርቀት የሚለካ ዳሳሽ የምላሽ ፒኑ 5 ቮልት ስለሚያወጣ በ1 ኪሎኦም እና በ2 ኪሎኦም ሪዚስተር አካፍላችሁ ወደ 3.3 አውርዱት፦ 1ዱ ከዳሳሹ፣ 2ቱ ወደ ግራውንድ፣ የቦርዱ ፒን ከመሃላቸው። ምላሹ የቆየበትን ማይክሮሰከንድ ለ58 ስታካፍሉ ከዳሳሹ እስከ ውሃው ያለውን ርቀት በሳንቲሜትር ታገኛላችሁ። ይኸኛው ዳሳሽ ግን ክፍት ነው፤ የሮቶ እንፋሎት ቀስ በቀስ ይበላዋል። ውሃ የማያስገባውን ጄኤስኤን-ኤስአር04ቲ ከመረጣችሁ ከ20–25 ሳንቲሜትር በታች ያለውን እንደማያይ አትርሱ፤ ስለዚህ ሮቶው ሲሞላ ውሃው ከሚደርስበት ያን ያህል ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ቦርዱን ከሮቶው ኋላ አትደብቁት፤ ውሃ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ይውጣል።

በባትሪ ላስኬደው ለምትሉ ስሌቱ ይኸው። 2000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ባትሪ ለ80 ሲካፈል 25 ሰዓት፣ ማለት አንድ ቀን። በየ10 ደቂቃው ለ5 ሰከንድ ብቻ ነቅታ ቀሪውን በጥልቅ እንቅልፍ ብታሳልፍ አማካዩ ወደ 0.67 ሚሊአምፔር ይወርዳል፣ በወረቀት ላይ አራት ወር ይሆናል። ነገር ግን ኤኤምኤስ1117 ራሱ ሥራ ሳይሠራ 5 ሚሊአምፔር ገደማ ስለሚበላ አራቱ ወር ሁለት ሳምንት ይሆናል። በዚያ ላይ ከመግቢያው 1.1 ቮልት ያህል ይቀንሳል፤ 4.2 ቮልት የሞላ ሊቲየም ባትሪ እንኳ 3.3 አይሰጥበትም። ኤምሲፒ1700ን ከትልቅ ካፓሲተር ጋር ተጠቀሙ፤ እሱ የሚበላው ከ2 ማይክሮአምፔር በታች ነው። ከጥልቅ እንቅልፍ እንድትነቃ ጂፒአይኦ 16ን ከሪሴት ፒን ጋር አገናኙ፣ ፕሮግራም ስትጭኑ ግን ንቀሉት።

ፓምፕ በሪሌ (ቦርዷ በምታዘው ማብሪያ) የምታበሩ ከሆነ 220 ቮልቱን የሚያገናኝ ኤሌክትሪሺያን አጠገባችሁ ይኑር። የእናንተ ሥራ መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሆነውን ማሰብ ነው። ቦርዷ በሰከንድ ውስጥ ትነሳለች፣ ራውተሩ ግን ደቂቃ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። «ዋይፋይ እስኪገኝ ጠብቅ» ብሎ የሚቆም ኮድ ፓምፑንም አብሮ ያቆማል፣ ወይም ይባስ ብሎ እንደበራ ይተወዋል። ስለዚህ ሪሌው ሁልጊዜ ጠፍቶ ይነሳ፤ ውሃውን የሚለካው ክፍል ዋይፋይ ኖረም አልኖረም ይሥራ፤ ግንኙነቱን በየ30 ሰከንዱ ይሞክር። ይህን ስትጨርሱ ፓምፑ እየሠራ ሳለ የራውተሩን ሶኬት ንቀሉና ሮቶው ሲሞላ ፓምፑ በራሱ መጥፋቱን አጠገቡ ቆማችሁ እዩ።