«አባባ፣ ሰው ገድለህ ታውቃለህ?»

ጥያቄ፦ ጅማ ተወልጄ ያደግሁ የ31 ዓመት መምህርት ነኝ። አባቴ በ1977 ዓ.ም. በብሔራዊ ውትድርና ከአጋሮ ተወስደው፣ መጋቢት 1980 ኤርትራ ውስጥ አፍአበት ላይ ተማርከው፣ በ1983 ክረምት ነው የተመለሱት። አያቴ መርዷቸውን ሰምተው ተዝካራቸውን አውጥተው ነበር ይባላል። አባቴ ግን ስለዚያ ዘመን አንድ ቃል ነግረውን አያውቁም። ሲሠሩ የኖሩት የቡና መጋዘን የሌሊት ጥበቃ ነው፤ ባለፈው ዓመት አቆሙ። ከዚያ ወዲህ ሌሊት ቤት ውስጥ ይንጎራደዳሉ፣ በሩን ደጋግመው ይፈትሻሉ፣ በእንቅልፋቸው ይጮኻሉ። እኔም ታሪካቸውን በስልኬ ቀድቼ ለልጆቼ ላቆይ ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ። በዚህ መሀል የ9 ዓመት ልጄ ማዕድ ላይ «አባባ፣ ሰው ገድለህ ታውቃለህ?» አላቸው። ሊጎርሱ የያዙትን ትሪው ላይ መልሰው ተነሡ። ወር አለፈ፤ ከእኛ ጋር አይበሉም። እናቴ «ቁስሉን የነካካሽው አንቺ ነሽ» ብላ ተቀይማኛለች። ልተወው ወይስ ልግፋበት?

መልስ፦ ቀረጻውን ለጊዜው ተዪው። ሌላውን ግን አንድ በአንድ እንየው።

ከደብዳቤሽ ውስጥ ቆም ብዬ ደግሜ ያነበብኩት የአባትሽን የሥራ ዓይነት ነው። የሌሊት ዘበኛ መተኛት አይጠበቅበትም። በር መፈተሽ፣ ኮሽታ ማዳመጥ፣ ግቢውን መዞር ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራው ነው። አሁን የምታዪው ንቃት ዱሮም አብሯቸው የነበረ ይመስለኛል፤ ልዩነቱ መጋዘኑ ውስጥ ማንም እንደ ሕመም አለመቁጠሩ ነው። በሥራ የተሸፈነ የጦርነት ጭንቀት ሥራው ሲያበቃ ብቅ ማለቱ በእርሳቸው ዕድሜ ባሉ የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተለመደ ነው። ስለዚህ እናትሽም እንደሚሉት አይደለም፤ ሌሊት መዞሩ ካንቺ ጥያቄ በፊት ጀምሯል።

እስቲ ደግሞ ዓመቶቹን ቁጠሪ። በ1975 የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የስድስት ወር ሥልጠናና የሁለት ዓመት አገልግሎት ነበር የሚለው። በ1977 የተወሰደ ወጣት በሕጉ ቢኬድ ናደው ዕዝ የተባለው የመንግሥት ጦር አፍአበት ላይ ሲፈርስ ቤቱ መግባት ነበረበት። አባትሽ በዚያ ፈንታ ከሦስት ዓመት በላይ በምርኮ ቆዩ። ሲመለሱ ያገለገሉት ጦር ተበትኗል፣ የደርግ መንግሥት ወድቋል፣ እናታቸው ተዝካራቸውን አውጥተዋል። ይህን ሁሉ ለማን ይንገሩት? ለተሸናፊ ጦር አባል «እስቲ አጫውተን» የሚል ጎረቤት በዚያ ክረምት ብዙ አልነበረም።

የዚያ ዘመን ወታደሮች ሲያዋሩኝ ከውጊያው ይበልጥ የሚከብዳቸው ሌላ ነገር መሆኑን አስተውያለሁ። አብሮ የሄደው ልጅ እናት በር ላይ መጥታ «የኔን ልጅ አይተኸዋል?» ማለቷ ነው። አንዳንዱ ያየውን እያወቀ «አላየሁም» ብሎ መልሷል፤ ከዚያች ቀን ወዲህ በእናትየዋ ደጅ ማለፍ የተወም አለ። አባትሽ ይህ ደርሶባቸው እንደሆነ አላውቅም። ይህን የማነሣው የልጅሽ ጥያቄ የነካቸው ቦታ አንቺ የጠረጠርሽው ላይሆን ስለሚችል ነው።

«ተናገረው፣ ይቀልሃል» የሚለው ምክር ለሁሉም ሰው አይሠራም። አሰቃቂ ነገር ያየን ሰው በአንድ ቁጭታ ሁሉንም እንዲዘረግፍ መገፋፋት እንደማይጠቅም፣ ጭራሽ ሊያባብስም እንደሚችል በጥናት ታይቷል። በሕክምናው በኩል የሕይወት ታሪክን ከልደት ጀምሮ በቅደም ተከተል እያነሡ የሚሄዱበት ዘዴ አለ። ታካሚው መሬት ላይ ገመድ ይዘረጋና ደግ ለሆነው ዘመን አበባ፣ ለክፉው ድንጋይ ያስቀምጣል። ከዚያ በየቀጠሮው ከባለሙያው ጋር ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋሉ። ድንጋዮቹን ለባለሙያ ተይለት። አበባው ግን የቤተሰብም ነው። አጋሮ ልጅ ሳሉ በቡና ለቀማ ጊዜ ማን ከማን ጋር ይለቅም ነበር? ከእናትሽ ጋር እንዴት ተዋወቁ? ይህን ያለ ስልክ፣ ሥራ እየሠራችሁ ጠይቂያቸው። ወደ ጦርነቱ ራሳቸው ከገቡ አድምጪ፤ ካቆሙም «ከዚያስ?» አትበይ።

ለልጆችሽ ታሪክ ማቆየት ከፈለግሽ ደግሞ ገና ያልተጠየቁ ሰዎች አሉሽ። የአባትሽ እኅት ወይም ወንድም በሕይወት ካሉ መርዶው እንዴት እንደመጣ፣ ማን እንዳረዳ፣ ሞቷል የተባለው ሰው በር ላይ ሲቆም አያትሽ ምን እንዳሉ ያውቃሉ። ያ የእነርሱ ታሪክ ስለሆነ ለመናገር የአባትሽን ፈቃድ አይሻም። እሱን ቅጂው።

እናትሽን በተመለከተ ትንሽ ፍረጂላቸው። ለዓመታት ሌሊቱን ብቻቸውን ተኝተው የኖሩ ሴት ዛሬ በስድሳ ዓመት አካባቢ አጠገባቸው የሚጮኽ ሰው አለ። ቅያሜያቸው ግማሹ እንቅልፍ ማጣት ሊሆን ይችላል። አባትሽ ሲጮኹ ትከሻቸውን ይዘው አይነቅንቋቸው፤ ከአልጋው ግርጌ ራቅ ብለው በስማቸው ይጥሯቸው፣ መብራት ያብሩ፣ ቤታቸው ጅማ እንደሆኑ ይንገሯቸው። ሌላ ክፍል መተኛት ከፈለጉም ነውር የለበትም። ጅማ ላይ ሆኜ ሳልጠይቅ የማላልፈው ነገር ደግሞ አለ፦ አባትሽ ከሰዓት በኋላ ጫት ይይዛሉ? ለመተኛትስ አረቄ ይቀምሳሉ? ሁለቱም ሌሊቱን ያከፉታል።

ልጅሽን ዛሬውኑ አነጋግሪው። አያቱ ማዕድ የተዉት በእሱ ጥፋት እንደሆነ አስቦ ወር ሙሉ ተሸክሞት ይሆናል። «አያትህ ወታደር ነበሩ። ያየኸው ዝምታ አንተን መጥላት አይደለም። ጥያቄህ መጥፎ አልነበረም፤ እሳቸውን ግን ያማቸዋል፣ ስለዚህ እኔን ጠይቀኝ» በይው። አባትሽን ወደ ማዕድ ለመመለስ ሽማግሌ አትላኩ፤ ጠብ የለምና። ቦታቸውን እንደ ወትሮው ተዉላቸው፤ ልጁም እንደ ወትሮው እጅ ያስታጥባቸው። አንቺ ደግሞ ለብቻቸው ስታገኚያቸው «ልጁም እኔም ስለ ጦርነቱ አንጠይቅዎትም» ብለሽ ቃል ግቢላቸው፤ ቃልሽንም ጠብቂ።

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት ይሰጣል። «አእምሮ» ሲባል እምቢ ካሉ «ለእንቅልፍዎ እንሂድ» በያቸው፤ ውሸት አይደለም፣ ሐኪሙም የሚጀምረው ከዚያው ነው። «ሞቴ በተሻለኝ» የሚል ቃል ከአፋቸው ከወጣ፣ ወይም ራሳቸውን ሊጎዱ ይችላሉ ብለሽ ከሠጋሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ብቻቸውን ሳትተዊያቸው በዚያው ቀን ውሰጃቸው።