ለልጄ ብዬ ያስቀመጥኳቸው ሳንቲሞች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 በዲቪ ወደ አሜሪካ መጥቼ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። የምሠራው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነው። በመጣሁበት ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ የአሜሪካ መንግሥት በየዓመቱ የሚያወጣውን ከብር የተሠራ የፕሩፍ ሳንቲም፣ ማለትም ለሰብሳቢዎች ተብሎ በልዩ ጥራት የሚታተም ሳንቲም፣ ስብስብ አሳየኝና ልቤ ተሰረቀ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ሣጥን ስገዛ ኖሬ ሃያ ስድስት ደርሰውልኛል። ልጄ በመጪው መስከረም ዩኒቨርሲቲ ይገባል። ሣጥኖቹን ተሸክሜ አንድ ነጋዴ ዘንድ ብሄድ የሰጠኝ ዋጋ ከጠበቅሁት እጅግ ያነሰ ሆኖ አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። በዚያው ሰሞን አንድ ሻጭ ስልክ ደውሎ፣ «70 ነጥብ ያገኙ» ሳንቲሞች ብገዛ ለጡረታዬ እንደሚሆኑኝ ነገረኝ። ባለቤቴ ደግሞ ገንዘቡን ባንክ ባስቀምጠው ይሻል እንደነበር ትናገራለች። ልሽጣቸው፣ ላስቀምጣቸው ወይስ ልጨምርባቸው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። አይጨምሩ። ያ ሰው እንደገና ከደወለም ስልኩን ይዝጉት።

የ70 ነጥቡ ነገር እንዲህ ነው። ሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች ከ1 እስከ 70 በሚደርስ መለኪያ ነጥብ ይሰጣሉ። መቶ ዓመት በሰው እጅ ለዞረ ሳንቲም ይህ ልኬት ትልቅ ትርጉም አለው። ዛሬ ከማተሚያው ወጥቶ በቀጥታ ሣጥን ውስጥ የሚገባ ፕሩፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወይ 69 ወይ 70 ነው የሚያገኘው። የሁለቱን ልዩነት በዓይንዎ ሊያዩት አይችሉም፤ እኔም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳንቲም አገላብጬ ያለ ማጉያ መነጽር አልለየውም። ለዚያች አንድ ነጥብ ብለው እጥፍ ድርብ ከከፈሉ፣ ነገ ያንኑ ያህል የሚከፍልዎትን ሰው ፍለጋ መዞር የእርስዎ ዕዳ ይሆናል።

አሁን ወደ ሣጥኖቹ። የመጀመሪያውን፣ የ1999ኙን እንውሰድ፤ የገዙት በ31 ዶላር ከ95 ሳንቲም መሆን አለበት፣ የመንግሥቱ ዋጋ ያ ነበርና። በውስጡ ዘጠኝ ሳንቲሞች አሉ፤ ከብር የተሠሩት አንዱ የአሥር ሳንቲም፣ አምስቱ ሩብ ዶላሮችና ግማሽ ዶላሩ ናቸው። ያላቸው ንጹሕ ብር ተደምሮ ከአንድ አውንስ ከሩብ ትንሽ ይበልጣል። ያኔ የአንድ አውንስ ብር ዋጋ 5 ዶላር ገደማ ነበር። እንግዲህ የ7 ዶላር ያህል ብር በ32 ዶላር ገዙ ማለት ነው። ቀሪው 25 ዶላር የምን ነው? የውበቱ ነው። ሳንቲም የሚሆነው ጥፍጥፍ ብረት ሳይታተም በፊት ይወለወላል፣ ማተሚያው ብረትም ይወለወላል፤ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ጊዜ በከባድ ኃይል ይመታል። ሜዳው፣ በምስሉ ዙሪያ ያለው ባዶ ገጽ ማለቴ ነው፣ እንደ መስታወት ፊትን ያሳያል፤ ምስሉ ደግሞ አመዳይ የወረደበት ይመስል ነጣ ብሎ ብድግ ይላል። ፕሩፍ ማለት ይህ አሠራር ነው። ስለ ብርቅነቱ ስሙ ምንም አይናገርም፤ ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው።

ያ የ1999 ሣጥን አንድ ሰሞን ከ300 ዶላር በላይ ይጠየቅበት ነበር። ለሃምሳዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምስል ያለበት ሩብ ዶላር መውጣት የጀመረው በዚያ ዓመት ስለሆነ፣ ዘግይቶ መሰብሰብ የጀመረ ሁሉ የመጀመሪያውን ዓመት ሊያሟላ ተሻማ። ግዛቶቹ በ2008 ተዳርሰው ሲያበቁ ፈላጊው ሳሳ፣ ዋጋውም ቁልቁል ወረደ። እርስዎ በዚያ ሰሞን አልሸጡም፤ እኔም አልሸጥኩም። ጫፉ ጫፍ መሆኑ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነውና በዚህ አይቆጩ።

እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። የ1987ን ስብስብ፣ ብር የሌለበትን ተራውን፣ በመንግሥቱ ዋጋ በ11 ዶላር ሂሳብ አምስት ሣጥን ገዛሁ፤ ለልጆቼ ትምህርት ብዬ። ከሃያ ዓመት በላይ ቁም ሣጥን ላይ አስቀምጬ ስሸጣቸው የአምስቱ ዋጋ 20 ዶላር ሆነ። ነጋዴው አልበደለኝም። ከዚያ ዓመት ስብስብ የተመረተው ከ4 ሚሊዮን 200 ሺህ በላይ ነው፤ ሁሉም ገዢ እንደ እኔ በጥንቃቄ ስላስቀመጠው አንዱም አልጠፋም። እንዲህ የተከማቸ ነገር በምን ተአምር ይወደዳል?

ሻጮች የ1995ቱን የብር ንስር፣ የአሜሪካ መንግሥት የሚያወጣውን የአንድ አውንስ የብር ሳንቲም፣ ማንሳት ይወዳሉ። እውነት ነው፤ በዌስት ፖይንት የሳንቲም ማተሚያ የተመታው፣ የ«ደብሊው» ምልክት ያለበት ፕሩፍ ዛሬ በሺዎች ዶላር ይሸጣል። ነገር ግን የተመታው 30,125 ብቻ ነበር፤ ለምን ቢሉ ለብቻው አይሸጥም ነበር። እሱን ለማግኘት 999 ዶላር አውጥቶ ከወርቅ ሳንቲሞች ጋር መግዛት ግድ ነበር፣ ብዙ ሰብሳቢም ዋጋውን አይቶ ተወው። አንዱን እንዲህ ዓይነት ዕድል ለማግኘት ብሎ በየዓመቱ የሚወጣውን ሁሉ የሚገዛ ሰው ከሎተሪ ቆራጭ አይለይም።

ስለዚህ ለልጅዎ ትምህርት ገንዘቡ ካስፈለገ ከብር የተሠሩትን ይሽጡ፤ የብር ዋጋ ያኔ ከነበረበት ብዙ ርቋልና በብሩ ክብደት ብቻ እንኳ የሚያገኙት አለ። በአንድ ነጋዴ ቃል አይወሰኑ፤ ቢያንስ ሦስት ዘንድ ይዙሩ። በትርፉ ላይ የሚከፈለውንም የፌዴራል ግብር ያስቡ፤ ከዓመት በላይ በተያዘ የስብስብ ዕቃ እስከ 28 በመቶ ሊደርስ ይችላል፣ በአክሲዮን ከሚከፈለው ከፍ ያለ ነው። ወደፊት ብር ማስቀመጥ ከፈለጉም ተራውን የብር ሳንቲም ይግዙ፤ ለመስታወቱ አይክፈሉ።

የ1999ኙን ሣጥን ግን አይሽጡት። ዛሬ ማታ ትልቁን መብራት አጥፍተው አንድ አምፖል ብቻ ያብሩና የኮኔቲከትን ሩብ ዶላር ከነመያዣው ጥቂት ዘንበል አድርገው ይያዙት። ያ ዛፍ፣ ቻርተር ኦክ የሚባለው ዋርካ የሚያህል ዛፍ፣ ቅርንጫፎቹ እንደ ደም ሥር እየቀጠኑ እስከ ሳንቲሙ ጠርዝ ድረስ ይሄዳሉ። ሜዳው ሲጠቁር እያንዳንዷ ጭራሮ ነጭ ሆና ትወጣለች፤ እጅዎን ትንሽ ሲያዞሩት ደግሞ ሜዳው ነጭ፣ ዛፉ ጥቁር ይሆናል። ልጅዎን ይጥሩና ያሳዩት። ሃያ አምስት ዶላሩን የከፈሉት ለዚህ ነበር፤ ለእኔ ዋጋው ያንስ እንደሆነ እንጂ አይበዛም።

ጥያቄ፦ ነፍሱን ይማረውና አባቴ በ1970 ዓ.ም. የወጣ፣ የደጋ አጋዘን ምስል ያለበት የ25 ብር ሳንቲም ትቶልኛል። ከአዲስ አበባ ነው የምጽፍልዎ። ጠቁሮብኛል። በሎሚና በአመድ ላሸው ወይ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እባክሽ አትንኪው! ያ ሳንቲም የዱር እንስሳትን ለመጠበቅ ከወጡት አንዱ ነው፤ ወንድሙ ባለ 600 ብሩ የወርቅ ሳንቲም ደግሞ ዋልያ አለበት። ጥቁረቱ በአየር ውስጥ ካለው ድኝ የመጣ ነው፤ ብሩን አይበላውም። አመድ ግን ይፍቀዋል። እንዲህ ያለው ሳንቲም በፕሩፍም በተራም ተመትቷል፤ የአንቺው ፕሩፍ ከሆነ፣ ማለትም በአጋዘኑ ዙሪያ ያለው ሜዳ ፊትሽን የሚያሳይ ከሆነ፣ አንድ ጊዜ ከታሸ ያ መስታወት በማንም እጅ አይመለስም። እኔ ወጣት ሳለሁ አንዱን በሎሚና በጨው አሽቼ እንዲሁ አጥፍቻለሁ፤ ጭረቱ ዛሬም በብርሃን ፊት ይታየኛል።

በጠርዙ ብቻ ይዘሽ በጠንካራ የፕላስቲክ መያዣ ውስጥ አስገቢው፤ ለስላሳው ላስቲክ ውሎ አድሮ አረንጓዴ ያወጣል። ከማዕድ ቤት ጭስና ከሱፍ ልብስ አርቀሽም አስቀምጪው። አባትሽ የተቀበለበት ሣጥን ወይም ወረቀት ካለ ፈልጊና አብረሽ አኑሪው።